«በወር ስንት ያተርፋሉ?»፦ የሴት ነጋዴዎች የገንዘብ ድፍረት ከቀዳማይ ወያነ ገበያ ሲታይ

አንድ የብድር ሠራተኛ ወደ በርበሬ ነጋዴዋ መደብ ቀርቦ «አደይ፣ በወር ስንት ያተርፋሉ?» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ተመስገን፣ እንኖራለን» የሚል ነው። ሠራተኛው ቅጹን በግምት ሞልቶ ይሄዳል። ቢሮ ሲደርስ የሚጻፈው ሪፖርት «ሴት ነጋዴዎች ስለ ገንዘብ ያላቸው ዕውቀትና በራስ መተማመን አነስተኛ ነው» ይላል። ቀጥሎም የአዳራሽ ኪራይ፣ የውሎ አበልና የአሠልጣኝ ክፍያ ያለበት በጀት ይጠየቃል።

«እንኖራለን» ያለችው ሴት ግን ትርፏን ስለማታውቅ ሊሆን ይችላል። እያወቀች መናገር ስላልፈለገችም ሊሆን ይችላል፤ ብትናገር ምንም እንደማይለወጥ በዕድሜዋ ስላየችም ሊሆን ይችላል። ሦስቱ አንድ ዓይነት መፍትሔ የላቸውም። በአገራችን ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተሞከረውን ስመለከት ግን ብዙው ጉልበት የፈሰሰው የመጀመሪያውን ግምት ብቻ ይዞ ነው። እኔ ወደ ሌሎቹ አደላለሁ። ገበያ ውላ ያደረች ሴት ከራሷ ይልቅ የምትጠራጠረው በገንዘቧ ዙሪያ ያሉትን ነው፤ ባንኩን፣ ግብር ገማቹን፣ ዘመዱን፣ አንዳንዴም ባለቤቷን። ለጥርጣሬዋ በቂ ምክንያት አላት፤ መቀሌ ላይ ደግሞ ምክንያቱ ከሌላው ከተማ ይበረታል።

ቀዳማይ ወያነ ስሙን ከ1935ቱ የትግራይ ገበሬዎች አመፅ የወሰደ የመቀሌ ክፍለ ከተማ ነው፤ ዋናው ገበያም በዚሁ ስም ይጠራል። በርበሬና ቅመም፣ ማር፣ ሰፌድና ሞሰብ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ጫማ፣ የላስቲክ ዕቃ ይሸጥበታል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ መናገሻቸው ካደረጓት ጊዜ ወዲህ ከተማዋ ከአፋር በረሃ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው ጨው ማረፊያ ሆና ኖራለች። አሞሌ ጨው እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለነበር፣ መቀሌ ገንዘቡ ራሱ ተጭኖ የሚገባባት ከተማ ነበረች ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያደገ ገበያተኛ «ስለ ገንዘብ አያውቅም» ሲባል ቢያንስ ግር ሊለን ይገባል።

ዕቁቡን እንይ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ አለው፣ ዕጣ የወጣለት ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋስ የሚሆን ሰው የሚያስበው ባንክ ውስጥ የብድር ኮሚቴ የሚያስበውን ነው። ይህች ሴት በየሳምንቱ ልትከፍል ትችላለች? ሱቋ ይሠራል? ልጇ ታሞባታል? ያለፈው ዙር ላይ ዘግይታ ነበር? መደቡ ላይ አብረዋት የሚውሉት ሴቶች እነዚህን ጥያቄዎች በቃላቸው ይመልሳሉ። የዱቤ ደብተርም ሌላ ማስረጃ ነው። ለማን ስንት እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደማይሰጥ፣ ማን በደሞዝ ቀን እንደሚከፍልና ማን በመኸር እንደሚከፍል መለየት የአደጋ ስሌት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ድፍረቱም ችሎታውም አለ። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

የጎደለውን በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። አንዲት ነጋዴ በ40 ሺህ ብር ወረት ኪሎውን በ400 ብር ሂሳብ 100 ኪሎ በርበሬ ትገዛለች። በ480 ብር ሸጣ 48 ሺህ ታገኛለች። ለመደብ ኪራይ፣ ለተሸካሚና ለወፍጮ 2,500 ብር ይወጣል። የቀረው 5,500 ብር ትርፍ ነው፤ ደብተር ያላት ብትሆን እዚህ ላይ መስመር ታሰምራለች። እሷ ግን ከዚያው መሳቢያ ለአስቤዛና ለትምህርት ቤት 4 ሺህ፣ ለዕቁብ 2 ሺህ አውጥታለች። በወሩ መጨረሻ መሳቢያው ውስጥ 39,500 ብር አለ። ከተነሣችበት ያን ያህል አልራቀችም፤ ወሩ ደህና ነበር ትላለች። ወደ ጅምላ ሻጩ ስትሄድ ግን በርበሬው 430 ገብቷል። ያላት ገንዘብ የሚገዛው 92 ኪሎ ገደማ ነው። አትርፋለች፣ ቤቷን አስተዳድራለች፣ ዕቁቧንም ከፍላለች፤ ጆንያዋ ግን 8 ኪሎ ቀንሷል። እንዲህ እየሆነ ከርሞ አንድ ቀን መደቡ ይመናመናል፣ «ወረቴን በላሁት» የሚባለው ይመጣል፤ ሰውም ጥፋቱን ከአያያዟ ይቆጥረዋል።

እዚህ ምሳሌ ላይ ሁለት ነገሮች ተደራርበዋል። አንደኛው የሱቁና የቤቱ ገንዘብ በአንድ መሳቢያ መኖሩ ነው። ሁለተኛው ዕቃው ሲሸጥ የተገዛበት ዋጋ እንጂ የሚተካበት ዋጋ አለመታሰቡ ነው። ሁለተኛው ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከባድ ሆኗል። የብር የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተፈቀደ በሳምንታት ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ጫማ፣ ጨርቅና የፀጉር ዕቃ የምትሸጥ ሴት ትናንት ባተረፈችበት ዋጋ ዛሬ ከሸጠች ትርፏን ሳይሆን ሱቋን እየሸጠች ነው። ይህንን ግን «በራስ መተማመን» አያስተካክለውም። እንዲያውም ያልተሰላ ድፍረት ሊያባብሰው ይችላል።

ስለ ድፍረቱ የተጠና ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ከሁሉ ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ አናማሪያ ሉሳርዲና ባልደረቦቿ ያዘጋጁት ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ስለ ወለድ፣ ስለ ዋጋ ንረትና ስለ አክሲዮን ቀላል ጥያቄዎች ጠየቁ። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ «አላውቅም» የሚለውን መረጡ። በሌላ ጊዜ እነዚያኑ ሰዎች «አላውቅም» የሚለው ምርጫ ተነሥቶ ሲጠይቋቸው ብዙዎቹ ሴቶች ትክክለኛውን መልስ አገኙት። በስሌቱ መሠረት በወንድና በሴት መካከል ከታየው የገንዘብ ዕውቀት ልዩነት አንድ ሦስተኛ ያህሉ የዕውቀት ሳይሆን የመተማመን ነበር።

ጥሩ ግኝት ነው፤ ግን ሁለት ሦስተኛው ሌላ እንደሆነም ይነግረናል። አምስተርዳም ላይ «አላውቅም» ማለትና መቀሌ ላይ «ተመስገን» ማለትም አንድ አይደሉም። በእኛ አገር ገቢን መናገር መዘዝ አለው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር የማይደርሰውን ነጋዴ ደረጃ ሐ ብሎ በግምት ላይ የተመሠረተ ቁርጥ ግብር እንዲከፍል አደረገ፤ የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝም አላስገደደውም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2009 ክረምት፣ ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ ያወጡት የቀን ገቢ ግምት አዲስ አበባና ኦሮሚያ ውስጥ ሱቅ እስከ ማዘጋት የደረሰ ቁጣ አስነሣ። ነጋዴው የተማረው ግልጽ ነው፦ ቅጽ ይዞ ገቢህን ለሚጠይቅህ ሰው አትንገር። ታዲያ የብድር ሠራተኛውም ቅጽ ይዞ ነው የሚመጣው። ሴቲቱ በምን ትለየው?

ሕግ ደግሞ ቤት ውስጥም ይገባል። «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለው አባባል የተነገረበት ዘመን አልፏል ብለን እናስባለን፤ ወረቀቱ ግን ቀስ እያለ ነው የተለወጠው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልን የትዳር ራስ ያደርግ የነበረውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሽሮ ለሁለቱም እኩል ሥልጣን ሰጠ፤ ባልም ሚስትም በየግል ስማቸው የባንክ ሂሳብ መክፈት እንደሚችሉም አስቀመጠ። ነገር ግን ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። 500 ብር! ዛሬ አንድ ኪሎ ቡና በዚህ ዋጋ ከተገኘ ዕድል ነው። ሕጉ በቀጥታ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሲሆን ትግራይ የራሷ የቤተሰብ ሕግ አላት። የተጋቢን ፊርማ መጠየቅ ግን የአበዳሪዎች የተለመደ አሠራር ነው። ሐሳቡ ሚስትንም ከባል ድብቅ ዕዳ ይጠብቃል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ችግሩ መያዣው ላይ ነው። ቤቱና መሬቱ በማን ስም ነው? ትግራይ በ1990 እና 91 ዓ.ም. ከክልሎች ሁሉ ቀድማ የገጠር መሬት የምስክር ወረቀት ስትሰጥ ወረቀቱ የተጻፈው በአባወራው ስም ነበር፤ ባል የሌላቸው ሴቶች በስማቸው ቢያገኙም ያገቡት ግን አላገኙም። ዘግይተው የጀመሩት እንደ አማራ ያሉ ክልሎች የባልንም የሚስትንም ስም አብረው አስገቡ።

ከባሏ ጋር ባንክ ቤት የገባች ሴት ዓይን ዓይኑን የምታየው ለዚህ ነው። በቁጥርም ይታያል። የዓለም ባንክ የፊንዴክስ ጥናት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ ሂሳብ የነበራቸው ወንዶች 41 በመቶ፣ ሴቶች 29 በመቶ ነበሩ። በ2022 ወንዶቹ 55፣ ሴቶቹ 39 ደረሱ። ሁለቱም ጨመሩ፤ ልዩነቱም ጨመረ።

አሁን ወደ ብድሩ ታሪክ። ደደቢት ብድርና ቁጠባ በ1986 ዓ.ም. የትግራይ ተራድኦ ማኅበር ፕሮግራም ሆኖ ተጀመረ፤ የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማትን ፈቃድና ቁጥጥር የደነገገው አዋጅ ቁጥር 40 በ1988 ከወጣ በኋላም ራሱን ችሎ ተመዘገበ። መያዣ የሌላቸውን ሰዎች በቡድን ዋስትና እያበደረ በክልሉ ገጠር በስፋት የተዳረሰ ተቋም ሆነ። ውጤቱ ምን ነበር? ጉሽ ብርሃነና ኮርኔሊስ ጋርደብሩክ ከ1997 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. አራት ጊዜ የተጠየቁ የትግራይ ቤተሰቦችን ተከታትለው ያገኙት፣ ብድር የቤተሰብን ኑሮ በእርግጥ የሚያሻሽለው ደጋግሞ ሲወሰድ እንደሆነ ነው። አንድ ጊዜ ተበድሮ ያቆመ ብዙም አልተለወጠም። በሌላ በኩል ታሮዚ፣ ዴሳይና ጆንሰን በአማራና በኦሮሚያ 133 የገበሬ ማኅበራት ላይ ከ2003 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ሙከራ ብድር ሲስፋፋ ሰው በእርግጥ የበለጠ እንደተበደረ፣ የሴቶች የውሳኔ ሥልጣን ግን እምብዛም እንዳልተለወጠ አሳይቷል። ሁለቱን ጥናቶች የሚያጋጩ አሉ። ለእኔ አይጋጩም። ሦስት ዓመት ድፍረት ለማብቀል አጭር ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ብድር እንደሚመጣ ያመነች ሴት ብቻ ናት ወረቷን ለማሳደግ የምታቅደው። ተመልሶ ስለመምጣቱ ያላመነችበትን ብድር ለጥንቃቄ ታስቀምጠዋለች ወይም ለቤት ታውለዋለች።

የቡድን ብድር ለጉልት በቂ ቢሆንም ፀጉር ቤቷን ለማስፋት ወይም የወፍጮ ማሽን ለመግዛት ለምትፈልግ ሴት አይበቃም፤ ባንኩ ደግሞ ለእሷ ሩቅ ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ በ2004 ዓ.ም. የሴቶች ሥራ ፈጠራ ልማት ፕሮጀክት በዓለም ባንክ 50 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተጀመረ። ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ይሰጥ፣ እነሱም ለሴቶች በግል ያበድሩ ነበር። መቀሌም ከተጀመረባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። ፕሮጀክቱ ስለ ሥልጠናው ቢወደስም ለእኔ ትልቁ ሥራው መያዣው ላይ የሠራው ነው። የዓለም ባንክ እንዳለው አበዳሪዎቹ ይጠይቁት የነበረው መያዣ ከብድሩ 200 በመቶ ገደማ ወደ 125 በመቶ ወርዷል። ቤት ለሌላት ሴት ተሽከርካሪን፣ የሰው ዋስትናን፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የሥነ ልቦና ፈተናን በመያዣ ፋንታ መቀበል ተለመደ። ብድሩም ተመለሰ። ሴቶቹ በአንድ ሌሊት ደፋር ሆነው አይደለም፤ በሩ ስለጠበበ እንጂ ቀድሞም ይችሉ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ይህንኑ ሐሳብ ይዞ የተነሣው እናት ባንክ ነው። 11 ሴቶች መሥርተውት በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። በጎ ፈቃደኞች ያስቀመጡት ገንዘብ መያዣ ለሌላቸው ሴቶች ዋስ የሚሆንበትን መንገድም ዘርግቷል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ ቁጥር 1147 ወጣ። በሕጉ መሠረት የመጋዘን ዕቃ፣ ማሽን፣ ከብት፣ የሚሰበሰብ ዱቤ ሳይቀር ለብድር መያዣ ይሆናል፤ መዝገቡንም ብሔራዊ ባንክ ይይዛል። ጆንያ በርበሬ በመያዣነት ቀርቦ ብድር ሲጸድቅ ለማየት ግን ገና የሚቀር መንገድ አለ። አዋጁ ሲወጣ የበርበሬ ዋጋ መገመት የሚችል የብድር ሠራተኛ አብሮት አልወጣም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሌላ ከተማ ላይም ይሠራል። መቀሌን የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ቀይሮ ባለ 200 ብር ኖት እንደጨመረ አስታወቀ፤ አሮጌውን ለመለወጥ ሦስት ወር ሰጠ። ትራስ ሥር፣ ማሰሮ ውስጥ፣ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ የኖረ ገንዘብ ሁሉ ወደ ባንክ እንዲገባ ታሰበ። የትግራይ ጦርነት የጀመረው ጥቅምት 25 ነው፤ ሦስቱ ወር ገና በሁለተኛው ላይ እያለ። ትግራይ ውስጥ ባንኮች ተዘጉ፣ ስልክ ተቋረጠ። ቤቷ ያስቀመጠችው ብር ጊዜው ሊያልፍበት ሆነ፣ መለወጫው ቦታ ደግሞ ዝግ ነው። በኋላ ባንኮች በከፊል ተከፈቱ። ሰኔ 21 ቀን 2013 የፌዴራሉ ጦር መቀሌን ለቅቆ ሲወጣ እንደገና ተዘጉ፤ ይህኛው መዘጋት ጦርነቱን ካቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ በ2015 ታኅሣሥ አካባቢ አገልግሎት መመለስ እስኪጀምር ድረስ አንድ ዓመት ተኩል ቆየ።

ከእነዚያ ወራት በፊት ምክሩን የሰማችና ያልሰማች ሁለት ሴቶችን እናስብ። አንደኛዋ ሥልጠናው እንዳላት ገንዘቧን ባንክ አስገባች። በደብተሯ ላይ ቁጥሩ አለ፣ ዱቄት ግን አይገዛም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ልኮላት ከሆነም በደላላ በኩል ከፍተኛ ኮሚሽን ከፍላ ነው እጇ የሚገባው። ሁለተኛዋ ባንክን የማታምን ነበረች፤ ገንዘቧን በእህል፣ በወርቅና ሰው ላይ በተበተነ ዱቤ ነው የያዘችው። እህሉን በላች፣ ወርቁን እየቆረጠች ሸጠች፣ ዱቤው ከፊሉ በዕቃ ተመለሰላት። ጥሬ ብር ብቻ ያላት ሦስተኛዋ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ ሊያገኛት ይችል ነበር። የፋይናንስ ትምህርት መጻሕፍት የመጀመሪያዋን ብልህ፣ ሁለተኛዋን ኋላ ቀር ይላሉ። መቀሌ ላይ ግን መጽሐፉ ተሳስቶ ታየ። ባንኩ ሲከፈትም በቀን የሚወጣው ገንዘብ ተወስኖ ሰልፍ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ አንድ አሠልጣኝ መጥቶ «ባንክ ይቆጥቡ፣ ይተማመኑ» ቢል የሚሰሙት ሴቶች ዝም ማለታቸው ካለማወቅ አይደለም። ይልቁንም ከአሠልጣኙ የበለጠ ያውቃሉ። መተማመን እዚህ ላይ የሴቲቱ የቤት ሥራ አይደለም፤ ተቋማቱ የሚከፍሉት ዕዳ ነው። ከጦርነቱ በፊት ተበድረው ዕቃቸው የተዘረፈባቸው፣ ሱቃቸው የተዘጋባቸው ነጋዴዎች በዚያ ጊዜ የተጠራቀመውን ወለድ ማን ይሸከም በሚለው ላይ ለረጅም ጊዜ የተከራከሩትም ለዚህ ነው። ያ ጥያቄ ምላሽ ያገኘበት መንገድ ከመቶ ሥልጠና በላይ ለሴት ነጋዴዎች ስለ ባንክ ያስተምራል፤ ደግም ክፉም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲወስንም ምክንያቱ የዋጋ ንረት ነበር፤ ትግራይ ግን ገና ከባዶ ልትነሣ የምትሞክርበት ጊዜ ነበር። ብድር ሲጠብ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀረው መያዣ የሌለው ነው።

የስልክ ገንዘቡም ላይ ያው ጥላ አለ። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ መቀሌ ከኔትወርክ ከመቆረጧ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት። ከዳሸን ባንክ ጋር መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶች በ2014 ክረምት ሲወጡ ከተማዋ ገና አልተገናኘችም። እንዲህ ያለ ብድር የሚሰጠው ያለ መያዣ፣ በስልክ የተደረገን የገንዘብ እንቅስቃሴ አይቶ ነው። ኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹ በሚለው አገልግሎቱ ለአነስተኛ ሴት ነጋዴዎች ብሎ ያዘጋጀውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። መንገዱ ደስ ይለኛል፤ ባልም ዘመድም ሳያይ ገንዘብ ይገባል፣ ይወጣል፣ ሌላው ቢቀር መዝገቡ ራሱን ይጽፋል። ግን መቀሌ ያለች ሴት አዲስ አበባ ካለችው ጋር በአንድ መለኪያ ከታየች የአንድ ዓመት ተኩል ባዶነቷ እንደ ድክመት ይቆጠርባታል። ብድሩን የሚወስነው ማሽን ጦርነቱን ካላወቀ እንዲያውቅ ማድረግ የባለቤቶቹ ሥራ ነው።

እንግዲህ ሥልጠና ይቅር ልል ነው? አይደለም፤ ግን የትኛው ሥልጠና የሚለው ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሳንቶ ዶሚንጎ ውስጥ ድሬክስለር፣ ፊሸርና ሾር ትንንሽ ነጋዴዎችን ለሁለት ከፍለው አሠለጠኑ። ለአንደኛው ቡድን መደበኛ የሂሳብ አያያዝ አስተማሩ፣ ለሁለተኛው ጥቂት ደንቦችን ብቻ። ዋናው ደንብ የሱቁንና የቤቱን ገንዘብ በተለያየ ቦታ ማስቀመጥና ለራስ የተቆረጠ ደሞዝ መክፈል ነበር። የተሻለ ውጤት ያመጣው ሁለተኛው ነው፤ መደበኛው ሂሳብ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ምዕራብ ኬንያ ቡማላ በምትባል የገበያ ከተማ ዱፓስና ሮቢንሰን ለገበያ ሴቶች ወለድ የማይከፍል፣ ማውጫው ክፍያ ያለበት ተራ የቁጠባ ሂሳብ ከፈቱላቸው። ወለድ የሌለው ሂሳብ ማን ይፈልጋል ይባላል፤ ሴቶቹ ግን ፈለጉት፣ ንግዳቸው ላይ የሚያውሉት ገንዘብም ከ38 እስከ 56 በመቶ ጨመረ። ገንዘቡን ከዘመድ ልመናና ከቤት ፍላጎት የሚያርቅ ግድግዳ ነበር የሚያስፈልጋቸው። ጋና ውስጥም ፋፍሻምፕና ባልደረቦቹ ለሴት ነጋዴዎች ጥሬ ብር ሲሰጡ ወደ ቤት ፈሰሰ፣ በዕቃ ሲሰጡ ግን ቢያንስ ደህና ንግድ ለነበራቸው ትርፍ አመጣ።

ቀዳማይ ወያነ ላይ ግድግዳው ቀድሞም አለ፤ ዕቁብ ነው። ለዚህም ነው «ባንክ ከዕቁብ ይሻላል» የሚለው ስብከት የማይጥመኝ። ዕቁብ የማያደርገው ሌላ ነው፤ ወረቷ ስንት እንደሆነ አይነግራትም፣ ዋጋ ሲንር ዕጣዋ ዘግይቶ ከወጣ የምትገዛው ይቀንሳል። የሚያስፈልገው ሁለተኛ መሳቢያ፣ በሳምንት አንድ ቀን የጆንያውን መጠን በብር ሳይሆን በኪሎ መመዝገብ፣ ዋጋ ሲተመንም ከጅምላው የዛሬ ዋጋ መነሣት ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ በምልክት ልትይዘው ትችላለች።

የውስጥ ድፍረትን በቀጥታ የነካው ጥናት የቶጎው ነው። ሎሜ ላይ 1,500 ትንንሽ ነጋዴዎች በሦስት ተከፍለው አንደኛው ቡድን መደበኛ የንግድ ሥልጠና፣ ሌላው ተነሳሽነትን የሚያዳብር የሥነ ልቦና ሥልጠና ወሰደ፤ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳይንስ መጽሔት የወጣው ውጤት እንደሚለው የተነሳሽነቱ ሥልጠና ትርፍን በ30 በመቶ ሲያሳድግ መደበኛው በ11 በመቶ ብቻ፣ ያውም በስታቲስቲክስ እርግጠኛ ባልሆነ መጠን ነው። ሴቶች ላይ ልዩነቱ 40 በመቶና 5 በመቶ ነበር። ይህን ስጠቅስ ያልኩትን የሚያፈርስ ይመስላል። ግን የሎሜ ሠልጣኞች የተማሩት «ትችያለሽ» የሚል ማበረታቻ አልነበረም፤ ከጎረቤት የተለየ ዕቃ እንዴት እንደሚታሰብ፣ እንቅፋት አስቀድሞ እንዴት እንደሚገመት፣ ገንዘብ ሲጠፋ ሌላ ምንጭ እንዴት እንደሚፈለግ ነበር። ባንኮቻቸውም ለአንድ ዓመት ተኩል አልተዘጉባቸውም።

መቀሌ ላይ ማን ያሠልጥን የሚለውም ቀላል አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ መደቧን ከባዶ የመለሰች ሴት ጎረቤቷን ብታስተምር ከሆቴል አዳራሽ አሠልጣኝ የተሻለ ትሰማለች፤ ዕቁቡ ጸሐፊም አለው፣ ቀንም አለው። ሰዓቱም መታሰብ አለበት። መደብ ዘግቶ አምስት ቀን መቀመጥ ያመለጠ የአምስት ቀን ሽያጭና ወደ ጎረቤት የሄደ ደንበኛ ማለት ነው፤ የውሎ አበሉ አይተካውም። ገበያው ቀዝቀዝ በሚልበት ከሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት፣ እዚያው መደቦቹ መካከል ቢሆን ይሻላል። ከብድር ተቋሙ የሚመጣው ሰው ደግሞ የግብር ወረቀት ያልሆነ ደብተር ይዞ ቢመጣ፣ ስለ ወር ትርፍ ከመጠየቁ በፊት ባለፈው ገበያ ስንት ኪሎ እንደገዛችና በዚህኛው ስንት እንደቻለች ቢጠይቅ፣ ብድሩን በጊዜው ስትመልስ ቀጣዩ በስንት ቀን እንደሚደርሳት ቢጽፍላትና በዚያው ቀን ቢያደርስላት የተሻለ ነበር።